የሁለት ሚሊ ነገር

ትንሽ ሞተር ሰው ይመዝናል። አራት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ቁርሱን ይብላ አይብላ፣ ማሽኑ ጉዳዬም አይል፤ ይዞት ይበራል። መቶ ሃያ አምስቱ ግን እንደ ቆጣቢ ባለሱቅ እያንዳንዷን ኪሎ ይቆጥራል። አንድ ብርጭቆ ውሃ አብዝቶ የጠጣ ሰው ዳገቱ ላይ ያስታውቅበታል። ይህን የማያውቅ ሰው አፈር ላይ ስለሚደረግ የሞተርሳይክል ውድድር ባያወራ ጥሩ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ አብዝቶ የሚያወራው እሱ ነው።

ግንዱ ሰማንያ አራት ኪሎ ይመዝን ነበር። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚወዳደሩት ናቸው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ረጅም፣ መነሻ መስመር ላይ ሲቆም ሞተርሳይክሏ ከሥሩ የምትጠፋ ዓይነት ሰው ነው። እህቱ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ናት። እሷን ደግሞ ቅንጣት አሏት። እሱ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ። በአንድ ቤት ያደጉ፣ ከአንድ ድስት የበሉ፣ አንድ አባት ባዘጋጃቸው ሁለት ሞተሮች፣ በአንድ ምድብ፣ ጎን ለጎን ቆመው ይወዳደራሉ። ሰው ሲያያቸው "እንዴት ደስ ይላሉ!" ይላል። ደስ የሚሉትስ ለተመልካች ነው።

እውነቱን እናውራ ከተባለ ግንዱ በእህቱ ይቀና ነበር። በባዕድ ቢቀኑ ለወዳጅ ያወሩታል፣ ያሙታል፣ ይወጣላቸዋል። በገዛ እህት መቅናት ለማን ይነገራል? ያውም ሞተር መንዳት ያስተማራት ራሱ ነው። ከመቀመጫው ኋላ ይዞ እየሮጠ "አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ!" ሲላት የነበረው እሱ ነው። ያኔ ይወዳት ነበር። አሁንም ይወዳታል፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፣ ባይወዳት ኖሮ እኮ ነገሩ ቀላል ነበር።

ነገሩ የጀመረው እሷ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው። አባትየው መካኒክ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ጋራዥ አለችው። በዚያ ዓመት ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የተበታተነች ሰማንያ አምስት ሲሲ የልጆች ሞተርሳይክል በጆንያ ይዞ መጣና ብሎን በብሎን ሠርቶ ለሴት ልጁ አቆመላት። ግንዱ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። አባቱ ለሱ እንደዚያ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ያየበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዱ ውስጥ የሆነች ነገር ተቀመጠች።

ቤቱ ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። "ጎማው ያንተ፣ ሞተሩ የኔ" ይለዋል አባትየው። ግንዱ እንጀራው ጎሚስታነት ነው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ውሎ፣ ማታ ደግሞ የሁለቱንም ሞተርሳይክል ጎማ ያያል። ሞተሩን ግን በቁልፍ ጫፍ እንኳ አይነካም። እሱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም አባትየው ብቻ ነው።

ታዲያ አባትየው ማታ ማታ የሚቀመጠው ከማን ሞተር ጋር ነበር? ከቅንጣት! ሰኞም የቅንጣት፣ ማክሰኞም የቅንጣት። ይፈታዋል፣ ያጥበዋል፣ ጥላሸቱን ይፍቃል፣ ያዳምጠዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። እሷ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መብራት ትይዝለታለች። ይሳሳቃሉ። ግንዱ በዚያ በኩል የጎማ መንቀያውን ይዞ ጆሮውን ወደነሱ ይጥላል።

"አባዬ፣ የኔንስ አታየውም?" ይላል አንዳንዴ፣ እንደዋዛ።

"ያንተ ደህና ነው" ይላል አባትየው ቀና ሳይል።

ያንተ ደህና ነው! ይቺ ቃል ቆሽቱን ታሳርረው ነበር። ደህና የሆነ ነገር ማንም ዞር ብሎ አያየውማ።

በዚያ ዓመት ደግሞ ነገሩ የክብር ብቻ አልነበረም። የከተማው ሞተር ሻጭ በተወዳዳሪዎቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ በመቶ ሃያ አምስቱ ምድብ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነጥብ ለያዘ ሰው አዲስ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር እሰጣለሁ፣ የሚቀጥለውን ዓመት በኔ ቡድን ይነዳል አለ። ግንዱ ይህን ሲሰማ ልቡ ተሰቀለ። ሁለት መቶ ሃምሳ እኮ ማለት ለሱ ሌላ ሕይወት ነው። እዚያ ላይ ሰማንያ አራት ኪሎ ነውር አይደለም። እሱን የሚችል ማሽን! እሷ ገና ልጅ ናት፣ ትደርስበታለች። እሱ ግን ሠላሳ እየመጣበት ነው፤ ዘንድሮ ካላገኘው ዕድሜውን ሙሉ በአህያ ላይ እንደተቀመጠ ጎረምሳ ጉልበቱን አጥፎ ሊቀር ነው።

ስለዚህ እራት መብላት ተወ። እናትየው "ኧረ አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? ሰው ተናገረህ? ፍቅር ያዘህ?" እያለች ሳህን ይዛ ትከተለዋለች። እሱ "ጠግቤያለሁ እማዬ" ይላል፣ ሆዱ እየጮኸ። በሁለት ወር አራት ኪሎ ጣለ። እና አያችሁ፣ በአምስተኛው ውድድር ሞተሩ ከሥሩ ተስፈንጥሮ ወጣ። ዳገቱን ድሮ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣው የነበረውን በሦስተኛ ወጣው። አንደኛ! በስድስተኛውም አንደኛ!

"ለካ የጎተተኝ እራት ነው!" አለ ለአባቱ እየሳቀ።

"ሳይሆን አይቀርም" አለ አባትየው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

በሁለቱ ድሎች ነጥባቸው እኩል ሆነ። የቀረው አንድ ውድድር ብቻ ነው። በመጨረሻው እሑድ ከሌላኛው ቀድሞ የገባ፣ ሁለት መቶ ሃምሳውን ይዞ ይሄዳል።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ግንዱ ጋራዥ ውስጥ የጎማ ንፋስ መለኪያውን ሲፈልግ የሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን የቆሻሻ ጣሳ ገለበጣት። ከዘይታም ጨርቅ መሀል ባዶ የካርቶን ሳጥን ወጣ። የፒስተን፣ የዚያ ሞተር ውስጥ የሚመላለሰው ብረት፣ ሳጥን ነው፣ አዲስ። አንሥቶ ጎኑን አነበበ። ሃምሳ ስድስት ይላል።

ክው አለ። የመቶ ሃያ አምስቱ ፒስተን ስፋቱ ሃምሳ አራት ሚሊ እንደሆነ የዚያ ቤት ድመትም ታውቃለች። ሃምሳ ስድስት ከገባ ሞተሩ መቶ ሠላሳ አራት ሲሲ ይሆናል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ሁለት ሚሊ ናት፣ የጥፍር ውፍረት። ግን ሌብነት ነው። አባትየው ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስዶ አስፍቶ፣ ትልቅ ፒስተን ከቶበታል ማለት ነው። የማንን? ይኼ ይጠየቃል እንዴ! ማታ ማታ ሲፈታ ሲገጥም የሚያመሸው የማንን ሆነና!

እዚያው ላይ አባቱን ቢጠይቀው ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። አልጠየቀም። ቅናት የያዘው ሰው መጠየቅ አይወድም፤ መልሱ ደስ እንዳያሰኘው ይፈራል። ሳጥኑን መልሶ ጨርቁ ሥር ቀበረው፣ ነገሩንም ሆዱ ውስጥ። ልብ በሉ እንግዲህ፤ ቢያሸንፍ ኖሮ ዝም ሊል ነበር። ስርቆቱ የሚያንገበግበው ከተሸነፈ ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ቅንጣት የራስ ቁሯን በክንዷ አንጠልጥላ መጣች። "ወንድምጋሼ፣ የፊት ጎማዬን አየር ትንሽ ቀንስልኝ፣ መሬቱ ረጥቧል" አለችው። ጎንበስ ብሎ ቀነሰላት። በልኩ ነው የቀነሰላት፣ እዚህ ላይ አንዋሽበትም። ግን ሲነሣ ፊቷን ማየት አቃተው።

"አመመህ እንዴ?"

"እራት ስላልበላሁ ነው" አላት።

የመነሻው በር ሲወድቅ ሃያ ሁለት ሞተር አንድ ላይ ጮኸ። ቀጥታው መንገድ ላይ ግንዱ እንደ ጥይት ወጣ፤ ማንም አልደረሰበትም። ኩርባው ጋ ግን ቅንጣት አለች። እሷ ፍሬን የምትይዘው ሌላው ሰው ይዞ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ጭቃው ላይ ተኝታ ገብታ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ዘጠኝ ዙር ሙሉ እንዲህ ሆኑ፦ እሱ በቀጥታው ይሸሻል፣ እሷ በኩርባው ትደርሳለች። አሥረኛው ዙር ላይ፣ የመጨረሻው ኩርባ ውስጥ፣ ሰው ያልፍበታል ተብሎ በማይታሰብ ጠባብ ቦታ በውስጥ በኩል ሹልክ ብላ ገባች። ባንዲራው ሲውለበለብ በግማሽ ጎማ ቀደመችው።

ሕዝቡ አበደ። እናትየው አጥሩን ይዛ እልል ትላለች፤ ለየትኛው ልጇ እንደሆነ እሷም አላወቀችም። ግንዱ ሞተሩን አጠፋ፣ ጓንቱን አወለቀና ወደ ዳኞቹ ድንኳን ሄደ።

"የክስ ወረቀት ስጡኝ" አለ።

የማኅበሩ ሞተር ለኪ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማሩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። "በማን ላይ?"

"በእህቴ። ሞተሯ ከልክ በላይ ነው።"

ሽማግሌው ወረቀቱን ቶሎ አልሰጡትም። "ደንቡን ታውቃለህ አይደል? በኛ ማኅበር የሰው ሞተር ያስከፈተ የራሱን አስቀድሞ ይከፍታል። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው እያየ።"

"ይከፈት! የኔ ንጹሕ ነው!"

ጽፎ ሳይጨርስ አባትየው እየሮጠ ደረሰ። እንዲህ ሲሮጥ አይተውት አያውቁም። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ልጄ፣ ተው። ወረቀቱን ቅደደውና እንሂድ።"

"ለምን?"

"በናትህ ተው እያልኩህ ነው። ሌላ ዓመት አለ። ሁለተኛ ወጣህ፣ ሁለተኛ ነውር ነው እንዴ?"

"ለሷ ፈራህላት አይደል?" አለ ግንዱ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ። "ስድስት ዓመት ሙሉ አየሁህ። አንድ ቀን እንኳ ለኔ እንዲህ ብለህ ሮጠህ ታውቃለህ?"

አባትየው ሽማግሌውን አየ። በዚያ ሰው ፊት ምን ይበል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ሁለቱም ተገናኝተው ማን ይለያቸው! ግንዱ ፈርሞ ሰጠ። ቅንጣት ይኼን ጊዜ ነው ጭቃዋን ሳትጠርግ የደረሰችው። "በኔ ላይ?" አለች።

የግንዱን ሞተርሳይክል አስቀድመው አመጡ። አባትየው ራሱ እንዲፈታው ታዘዘ፤ ደንቡ ነው። ብሎኑ ሁለት ጊዜ አመለጠው። የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተነሣ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ካሊፐር የሚባለውን መለኪያቸውን ሲሊንደሩ አፍ ላይ ገጠሙ፣ አነበቡ፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ለኩ።

"ሃምሳ ስድስት" አሉ።

ከኋላ አንዱ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!" ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ግንዱ ግን ሳቁን አልሰማም። ዳገቱ ታየው፣ ሦስተኛ ማርሹ ታየው፣ ሁለቱ ድሎቹ ታዩት። የእራቱ ነገርም ታየው። እና እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገረው ነገር፣ በዚያ ሁሉ ውርደት መሀል፣ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለው። ለኔ ነው! አለ በልቡ። ለኔ ሲል ነው የሰረቀው! አይ ሰው፣ ጉድ እኮ ነው።

"ለምን አባዬ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ትከብዳለህ" አለ አባትየው አንገቱን ደፍቶ። "ያለ ጥፋትህ ትከብዳለህ። እራት ትተህ ሌሊት ስትገላበጥ እሰማሃለሁ። ምን ላድርግ?"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የአምስተኛውም፣ የስድስተኛውም፣ የዛሬውም ውጤትህ ተሰርዟል። አንተም መካኒኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማኅበር ሞተር አትሠራም። ክሱ ወድቋል፤ የልጅቷን መክፈት አያስፈልግም።"

"ይከፈት" አለች ቅንጣት።

"ተይ አንቺ ደግሞ" አለ አባትየው በድንጋጤ።

"ነገ ሰው የሷም እንደዚያው ነበር እንዲለኝ ነው? ይከፈት!" ቁልፉን ከአባቷ እጅ ቀምታ ራሷ ፈታችው። ሽማግሌው ለኩ። ሃምሳ አራት፤ ስንጥር ታህል እንኳ አላለፈም። ከዚያ ሲሊንደሩን አንሥተው ፒስተኑን ብርሃን ላይ አገላበጡት። ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል። መካኒኮች ፋሻ የሚሉት ቀለበቱ ሳስቶ ወረቀት መስሏል።

"ይኼ ስንት ዓመቱ ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"ሦስተኛው ነው" አለ አባትየው።

"በዚህ ነው ያሸነፍሽው? በዚህ አንቺ ልጅ? በሉ አጨብጭቡላት እንጂ!"

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ሞተር ሻጩም ከኋላ እጁን ዘርግቶ እየተጋፋ መጣ። ቅንጣት ግን የማንንም እጅ አልያዘችም። ያንን የተቧጨረ ፒስተን በመዳፏ ይዛ አባቷን ነው የምታየው።

"ለሱ አዲስ ገዛህለት" አለች።

"አንቺ እኮ አያስፈልግሽም ነበር፣ የኔ ልጅ። አንቺ በምንም ታሸንፊያለሽ።"

"ማታ ማታ የኔ ጋ የምትቀመጠውስ?"

"አሮጌ ስለሆነ ነዋ! መሀል መንገድ ላይ ተሰብሮ እንዳይጥልሽ። ካላየሁት ይሞታል፣ ምን ላድርግ?"

"እኔ እኮ..." አለች ቅንጣት። "እኔ እኮ የምትቀመጠው ከኔ ጋር መቀመጥ ስለምትወድ መስሎኝ ነበር።"

"እወዳለሁ እንጂ! ምን ማለትሽ ነው?"

ቀና ብላ ወንድሟን አየችው፤ የተከፈተ ሞተሩን፣ ውስጡ የሚያብረቀርቀውን አዲስ ፒስተን አየችው። ግንዱ ያንን አስተያየት ያውቀዋል። ስንት ማታ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ በዚያው ዓይን ሲያይ የኖረው እሱ ነው። ደስታው እንደመጣ ከሆዱ ወጥቶ ሄደ።

ቅንጣት ፒስተኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሻጩን "መኪናህ የታለ?" አለችው። ከነጭቃዋ የመኪናው የፊት ወንበር ላይ ወጥታ በሩን ዘጋች። እናትየው ከሩቅ "ይቺ ልጅ ወዴት ነው?" እያለች ትጣራለች።

አባትየው ሊከተላት ሦስት እርምጃ ሄደ። "ቅንጣት! ኧረ ነይ እንነጋገር! ቤት ሄደን እንነጋገራለን!"

ግንዱ ክንዱን ያዘው።

"ተዋት አባዬ" አለ። "አሁን ብትነግራት አይገባትም። እኔም እስኪገባኝ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።"